ወንዝ የሚያሻግር ወረቀት

አማርኛችን ደካማ ምክንያትን የሚያጣጥልበት አንድ ፈሊጥ አለው፤ «ወንዝ አያሻግርም» ይላል። ለምን ወንዝ? ተራራስ ለምን አልሆነም? ተራራ ያደክማል እንጂ ቀስ ተብሎ ይወጣል። ገደልም ቢሆን ዙሪያ ጥምጥም ይታለፋል። የሞላ ወንዝ ግን አይለመንም። ወይ ትሻገራለህ፣ ወይ ዳር ላይ ትቀራለህ። ፈሊጡን ያወጣው ሰው ነሐሴ ላይ ወንዝ ዳር ቆሞ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ይህ ጽሑፍ ስለ ድልድይ ነው። ይበልጡን ግን ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ስለሚጻፍ አንድ ወረቀት ነው። በመንግሥት ቋንቋ «የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ» ይባላል። ስሙ ገና ሲጠራ እንቅልፍ ያመጣል፤ አልክድም። ብዙ ሰው ድልድይ ሲባል ሲሚንቶ፣ ብረትና የምረቃ ሪባን ነው የሚታየው። ነገር ግን አንድ ድልድይ የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ማንን እንደሚያገናኝና ማንን ማዶ እንደሚተው የሚወሰነው ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት ነው። በዚያ ሰዓት ማን ይጠየቃል? ምን ተብሎ ይጠየቃል? መልሱ ጎልቶ ከሚታይባቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ዋግ ነው።

በሁለት አውራ ጎዳና መካከል

ሰቆጣ የድሮ ከተማ ናት። የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚመዝዙት ዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች። ከእነሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነግሷል። በገበያዋ አማርኛና የኽምራዎቹ ኽምጣጛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ነጭ ማሯን የማያውቅ የለም፤ ከበረሃው በኩል የሚመጣው የአበርገሌ ፍየልም እንደዚሁ።

የዋግን ምድር ከሌላው የሚለየው ተከዜ ነው። ከላስታ ተራሮች ይነሳል፤ አገሩን እየከበበ በጥልቅ ሸለቆ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ኋላም ወደ ምዕራብ ታጥፎ ሰቲት ተብሎ ሱዳን ይገባል። ጠባዩ ሁለት ነው። ሚያዝያ ላይ ያየው ሰው «ይሄ ነው እንዴ ያ ሁሉ ወሬ የሚወራለት?» ይላል፤ በብዙ ቦታ ልብስን ሰብስቦ በእግር ይታለፋል። ነሐሴ ላይ ግን ድንጋይ እያንከባለለ፣ ዛፍ እየነቀለ የሚሄድ ቡናማ ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲጓዝ የተሻገረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወንዙን ያገኘው በበጋው ነው። ዕድለኛ ነበር። የጥንት ጦር አዛዦችም ቢሆኑ ዘመቻቸውን ያቀዱት በወንዙ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ተከዜ ሳይሞላ መሻገር፣ ሳይሞላ መመለስ።

የመኪና መንገድ በብዛት የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያኖች በዚህ አካባቢ ሁለት ትልልቅ መስመሮችን ዘረጉ። አንደኛው በምሥራቅ በኩል ከአስመራ ተነስቶ በማይጨው፣ በኮረምና በአላማጣ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወርደው ነው። ሁለተኛው በምዕራብ በኩል ከሽሬ ተከዜን ተሻግሮ በሊማሊሞ ወደ ጎንደር የሚወጣው ነው። ካርታውን አምጥታችሁ ተመልከቱ። ዋግ በሁለቱ መካከል እንዳለ ቀርቷል። መንገዶቹ የተሠሩት ለጦር ካሚዮን ነውና የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ካሚዮኑ ያልፋል ወይስ አያልፍም? ወንዙ ምን ይሆናል፣ ማዶ ያለው ሰው ምን ይላል የሚል አልነበረም። ማዶ ያለው ሰው የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ዓይነት አርበኛ ነበራ፤ መልሱ በጥይት ነበር የሚመጣው።

ከነፃነት በኋላ መንገድ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ብድሩ ያሉትን መንገዶች ለመጠገንና ለማስተካከል ነበር። ያሉት መንገዶች ደግሞ ጣሊያን የተዋቸው ናቸው። ስለዚህ የወራሪው ካርታ የነፃዋ አገር ካርታም ሆኖ ቀጠለ።

የዚህ ዋጋ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ታየ። የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ለዓለም ያሳዩትን የኮረም ሜዳ ታስታውሱ ይሆናል። በዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ የኮረም ሰዎች አልነበሩም፤ ከዋግና ከላስታ በእግራቸው የመጡ ነበሩ። ለምን ኮረም? አውራ ጎዳናው በዚያ ስለሚያልፍ ነው። እህሉ ወደ ሰው መሄድ አልቻለም፤ ሰው ወደ መንገዱ ሄደ። በየመንገዱ ወድቀው የቀሩትን የትኛውም ካሜራ አልቀረጻቸውም።

ወንዙን መጠየቅ

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ታዲያ ድልድይ ነዋ የሚያስፈልገው! ወረቀቱ ምን ያደርጋል? ፈቃድ፣ ጥናት፣ ግምገማ እያሉ ሕዝብ ማጉላላት ነው» የሚል ይኖራል። ጥሩ ክርክር ነው። ግን ወንዝ ያሻግራል ወይ? እሱን ለማየት ከዋግ ወጣ ብለን ዓባይ ላይ ያለ አንድ የቆየ ድልድይ እንጎብኝ፤ ሰባራ ድልድይን።

ሰባራ ድልድይ ጎጃምንና በጌምድርን በሞጣ በኩል የሚያገናኝ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው፤ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት። ጠላት ሄደ፤ ስብራቱ ግን ቀረ። ለስድሳ ዓመታት ያህል ሰዎች በሁለቱ ስብራቶች ጫፍ ቆመው ገመድ ይወረውራሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በአየር ላይ ይጎተታል። የወደቀ አለ፤ ያልተገኘም አለ።

አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ እ.ኤ.አ. በ2001 የዚህን ድልድይ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየና ተነሳ። በዓመቱ ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ፤ ሰው በእግሩ ተሻገረ። ፍራንዝ በዚያ ሰበብ ያቋቋመው «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለ ድርጅት ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለ ነበር። አላበቃም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓባይ ሞልቶ መጣና ብረቱን አበላሸው። በመጨረሻ መፍትሔ የሆነው ከአሮጌው ድልድይ ጋር መሟገቱን ትቶ ከወንዙ ከፍ ያለ የተንጠለጠለ ድልድይ መሥራት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተሠራ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ቅንነት አልጎደለም፤ ገንዘብም ፍጥነትም አልጎደለም። የጎደለው ወንዙ በመጥፎ ዓመቱ እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ነው። ዓለም ላይ ድልድይ ከሚጥሉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ጎርፍ የምሰሶውን እግር ቀስ በቀስ መቦርቦሩ ነው። ምሰሶ ውሃ ውስጥ ሲተከል ወንዙ ይጠብበታል፤ የጠበበ ውሃ ይፈጥናል፤ የፈጠነ ውሃ ይቆፍራል። «ወንዙ ላይ ምን ጉዳት ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅና «ወንዙ ድልድዩን ምን ያደርገዋል?» ብሎ መጠየቅ ተመሳሳይ እውቀት ይፈልጋሉ። የአካባቢ ጥናት ለዓሣና ለወፍ ብቻ የሚጻፍ የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ቢል ጥሩ ነው።

299

ከሥራ በፊት ጉዳትን ማጥናት የሚለው ሐሳብ በሕግ መልክ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 መጀመሪያ ቀን የተፈረመ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ትልልቅ ሥራዎች አስቀድመው እንዲጠኑ አስገደደ። ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮችና ወደ አበዳሪ ባንኮች ተዛመተ። ወደ እኛ ሲመጣ ሕገ መንግሥታዊ መሠረት ይዞ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢን መብት አደረገ፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካቸው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲታቀድና ሲፈጸም ሕዝቦች እንዲመክሩበትና ሐሳባቸውን እንዲሰጡ አዘዘ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በዚያው ዓመት ተቋቋመ፤ የአካባቢ ፖሊሲው በ1989 ዓ.ም. ጸደቀ። ከዚያም በኅዳር 1995 ዓ.ም. «የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995» ታወጀ።

አዋጁ አጭር ነው፤ በአንድ ቁጭታ ይነበባል። ሐሳቡም ቀላል ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለው አካል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱንና መከላከያውን አጥንቶ ያቀርባል። ፈቃድ ሰጪው ጥናቱን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ አስተያየት ይሰበስባል። ከዚያ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ከሦስቱ አንዱን ይወስናል፤ ይለፍ፣ በቅድመ ሁኔታ ይለፍ፣ ወይም አይለፍ። ያለ ፈቃድ የጀመረ ወይም በጥናቱ የዋሸ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ፕሮጀክቱ ጉዳቱ ከአንድ ክልል የሚያልፍ ከሆነ ነገሩ የፌዴራል ነው። ተከዜ ላይ የሚሠራ ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክልል ይነካል።

ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ቅጣቱን። ለመንገድ ሥራ ተቋራጭ 100,000 ብር ምንድን ነው? የአንድ ሲኖትራክ ጎማ መቀየሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ዳኛውን። ሕጉ ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የመገምገም ሥልጣኑን ለዘርፍ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጠ፤ ትራንስፖርት የመንገዱን፣ ውሃና ኢነርጂ የግድቡን፣ ማዕድን የማዕድኑን። ሰበቡ የባለሙያ እጥረት ነበር። ውጤቱ ግን የአካባቢ ሕግ አጥኚዎች ደጋግመው እንደተቹት ሆነ፤ አቅራቢውም ፈራጁም አንድ ቤት ሲሆኑ «አይለፍ» የሚል መልስ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛ፣ ቋንቋውን። ጥናቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። ለሕዝብ ክፍት ነው የተባለው መቶ ምናምን ገጽ፣ በፍየል ጠባቂና በንብ አናቢ አገር፣ በአማርኛና በኽምጣጛ በሚያወራ ሕዝብ ፊት ሲቀመጥ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

አሮጌው ሲተካ

ድልድይን መተካት አዲስ ከመሥራት የቀለለ ይመስላል። ቦታው ይታወቃል፤ መንገዱም አለ። ለዚህ ነው በብዙ አገሮች በነበረበት ቦታ የሚተካ ድልድይ ቀለል ያለ ግምገማ የሚበቃው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የነበረው የአውራ ጎዳና ድልድይ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሞቱ። ምትኩ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ለመኪና ክፍት ሆነ። የአካባቢ ግምገማው አጭር ነበር። ግን አጭር ሊሆን የቻለው ስለ ወንዙ፣ ስለ አፈሩና ስለ ጎርፉ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተሰበሰበ መረጃ መሳቢያ ውስጥ ስለነበረ ነው። ወረቀቱ አጭር የሆነው እውቀቱ ረጅም ስለነበር ነው።

እኛስ ጋ? በኢትዮጵያ የታወቁት ሁለቱ ትልልቅ ምትክ ድልድዮች ዓባይ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ በዓባይ በረሃ ያለው ነው። አሮጌው ድልድይ ወደ 60 ዓመት አገልግሎ ደክሞ ነበር፤ ከባድ መኪኖች በየተራ ነበር የሚያልፉበት። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ጳጉሜ 2000 ላይ ተመረቀ፤ አሮጌውም አልፈረሰም፣ ጎኑ ቆሞ ይታያል። ከድልድዩ ግራና ቀኝ ያለው ተራራ ግን ሌላ ታሪክ አለው። የበረሃው መንገድ በክረምት እየተንሸራተተ ያስቸግራል፤ ጃፓኖቹ ድልድዩ ካለቀ በኋላ ስለ መሬት መንሸራተቱ ብቻ ሌላ የጥናት ፕሮጀክት ይዘው ተመልሰዋል። ድልድይ ጫፍና ጫፍ የለውም ማለት ነው፤ የሚጀምረው ተራራው ላይ ነው።

ሁለተኛው በግንቦት 2016 የተመረቀው የባሕር ዳሩ ነው፤ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት። የቆመበት ቦታ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ አጠገብ ነው። ጣና ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሪዘርቭ ነው፤ ጉማሬ፣ ደንገልና ታንኳ ያለበት ውሃ። ከጣና ዓሦች መካከል ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡ አሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የግንባታው የጊዜ ሰሌዳ የጥናቱ ትልቁ ጥያቄ ይሆናል። ቁፋሮው በየትኛው ወር? አሸዋው ከየት ይመጣል? የተቆፈረው አፈር የት ይደፋል?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ለዋግ አስቡት። በተራራማ አገር ዶዘር ያነሳውን አፈር ወደ ገደል መግፋት በጣም ቀላል ነው፤ ርካሽም ነው። አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ ወንዝ ይገባል። የገረጋንቲና የድንጋይ ካባው ሥራው ሲያልቅ እንደ ቁስል አፉን ከፍቶ ይቀራል። ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ የእጣን ዛፍ ባለበት ምድር ሊያልፍ ይችላል። የእጣን ዛፍ በቀላሉ የማይተካ ዛፍ ነው፤ ችግኙ በልቅ ግጦሽና በእሳት ምክንያት አያድግም። መንገድ ሲከፈት መጥረቢያም አብሮ ይገባል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ድልድይን መቃወም አይደለም።

ባይሠራስ?

እስካሁን ያወራነው መሥራት ስለሚያመጣው ጉዳት ነው። ማንኛውም የተሟላ ጥናት ግን አንድ ሌላ ምዕራፍም ሊኖረው ይገባል፤ «ምንም ባይሠራስ?» የሚል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አንቀጽ ታልፎ ይቀራል። በዋግ ግን ይህ ምዕራፍ ከሁሉም ይረዝማል።

የተከዜን ግድብ ውሰዱ። አዋጅ 299 በታወጀበት ሰሞን ሥራው የተጀመረው ይህ ግድብ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። 188 ሜትር ከፍታ፣ 300 ሜጋዋት። በ2000 ዓ.ም. የግድቡ አካባቢ ተራራ ተንሸራቶ ተጨማሪ ሥራና ወጪ አስከትሏል፤ ተራራውም አስተያየት ሰጥቷል ማለት ይቻላል። ግድቡ ሲሞላ በዋግ ኽምራና በትግራይ መካከል ረጅም ሐይቅ ሆነ። ሐይቁ ያመጣው በረከት አለ፤ ዓሣ አጥማጅነት በማይታወቅበት አገር ወጣቶች ተደራጅተው ቆረሶ እያወጡ ገበያ ወሰዱ። ያመጣው ሌላ ነገርም አለ። በበጋ በእግር ይታለፍ የነበረው የሸለቆ ወለል ዓመቱን ሙሉ ጥልቅ ውሃ ሆነ። ተከዜ የበጋ ጠባዩን አጣ።

ከዚህ በኋላ ማዶ ለማዶ የነበረው ዝምድና፣ ገበያ፣ ሠርግና ልቅሶ በጀልባ ሆነ። በዋግ ኽምራ የሰሃላ ሰየምት ወረዳ ስም በዜና የሚነሳው ወይ በድርቅ ነው፣ ወይ በዚህ በመሻገር ችግር ነው። እህል ይዘገያል፤ መድኃኒት ይዘገያል፤ ምጥ ግን አይዘገይም። ጀልባ ተገልብጦ የሰው ሕይወት ያለፈባቸው ቀናትም አሉ። እነዚህ ሞቶች በየትኛው የአካባቢ ጥናት ውስጥ ይቆጠራሉ? በግድቡ ጥናት ውስጥ እንዳይቆጠሩ ግድቡ ድልድይ አይደለም። በድልድይ ጥናት ውስጥ እንዳይቆጠሩ ያልተሠራ ድልድይ ጥናት የለውም። በሁለት ወረቀት መካከል ወድቀው ይቀራሉ፤ ዋግ በሁለት አውራ ጎዳና መካከል እንደቀረው።

ጦርነቱ ደግሞ ይህን ጥያቄ ለሌሎችም አደረሰው። ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሽሬንና ጎንደርን የሚያገናኘው የተከዜ ድልድይ መፍረሱ ተሰማ፤ የእርዳታ ድርጅቶች መኪኖቻቸው መሻገር እንደማይችሉ ወዲያው አስታወቁ። ከሰባራ ድልድይ ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላ በሌላ ወንዝ፣ በሌላ ጦርነት፣ አንድ ዓይነት ስብራት። የፈረሰ ድልድይ ሲተካ ማንም ሰው «ቆይ ጥናቱ ይለቅ» የሚል አፍ አይኖረውም። ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ይመጣል፤ ይገጠማል፤ ሰው ይሻገራል። መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለጊዜው የተባለው ቋሚ ሲሆንና ቋሚውም ድልድይ በዚያው ጥድፊያ ሲወሰን ነው።

ማን ያስታውሳል?

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ በሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ሲገባ ለቃሉ ስም የመረጠው «ሰቆጣ»ን ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍም በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነበር የተጀመረው። ከተማዋ የረሃብ ማስታወሻ ሆና ቀርታ ነበርና የተስፋ ማስታወሻ እንድትሆን ታስቦ ነው። ግን ምግብ ያለ መንገድ፣ መንገድም ያለ ድልድይ የትም አይደርስም። ስለዚህ በዋግ ወንዞች ላይ፣ በተከዜም ይሁን እንደ ፀላሪ ባሉ ገባሮቹ ላይ፣ ድልድይ መሠራቱና ማርጀቱ፣ መተካቱም አይቀርም። ጥያቄው ወረቀቱ እንዴት ይጻፍ የሚለው ነው።

የሚኒያፖሊስ ሰዎች መሳቢያ ውስጥ መረጃ ነበራቸው። በተከዜ ሸለቆ የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ጥቂት ነው። ታዲያ ወንዙ በመጥፎ ዓመት እስከ የት እንደሚወጣ ማን ያውቃል? በሬውን የወሰደበት ገበሬ ያውቃል። ውሃው እስከ የትኛው ዋርካ ሥር እንደደረሰ የሚያስታውሱ አባት ያውቃሉ። በየትኛው ወር በየትኛው በኩል ልጅ አዝሎ እንደሚታለፍ የሚያውቁ እናት ያውቃሉ። መለኪያ በሌለበት አገር የሽማግሌ ትዝታ የጎርፍ መዝገብ ነው። ሕጉ «የሕዝብ አስተያየት» የሚለውን ብዙ አማካሪ ድርጅቶች እንደ ደንብ ማሟያ ያዩታል፤ ስብሰባ ይጠራል፣ ስም ይፈረማል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። በዋግ ግን ያ ስብሰባ የምሕንድስናው አካል ነው። መሐንዲሱ የምሰሶውን ከፍታ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ይህ እንዲሆን ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ጥናቱ ቢያንስ አንድ ክረምት ይይ፤ ተከዜን በሚያዝያ ብቻ ያየ አጥኚ ተከዜን አላየም። ማጠቃለያው በአማርኛና በኽምጣጛ ተነቦ ይሰማ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ገበያ ቀን፣ ሰው ባለበት ሰዓት። «ባይሠራስ?» የሚለው ምዕራፍ ባዶ ቃል ሳይሆን ቁጥር ይያዝ፤ በዚህ መሻገሪያ በዓመት ስንት ሰው ያልፋል፣ ስንት ቀን ይዘጋል፣ ስንት ሰው ቀርቷል? ፈራጁም ከሠሪው ይለይ። ከዚህ በኋላ 15 የሥራ ቀናት በቂ ናቸው፤ ከዚህ በፊት ግን 15 ዓመትም አይበቃም።

በሰባራ ድልድይ ጫፍ ገመድ ይወረውሩ የነበሩት ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ ማዶ የሚይዝ ሰው መኖሩን ሳያዩ ገመድ አይወረወርም። ጥሩ የፈቃድ ወረቀት ከዚህ አይለይም። ከአዲስ አበባ የሚወረወር ገመድ ነው። ማዶ የሚይዘው ሰው መኖሩን፣ ስሙን፣ ቋንቋውን፣ የቆመበትን ድንጋይ አይቶ ከተወረወረ ወንዝ ያሻግራል።